አክሲዮን የሚገዛ ነጋዴ የሚጠብቀውን ትርፍ ስለ መገመት

ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የዓመት ጉባኤያቸውን በሚያደርጉበት ወራት በነጋዴው መካከል ተደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ዘንድሮ የማን አክሲዮን ስንት ከፈለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የትርፍ ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ተሰልቶ ሲሆን፣ ገዢው የሚከፍለው ግን ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ነው። አንድ ሺህ ብር የተጻፈበት አክሲዮን 30 በመቶ ከፈለ ሲባል ለባለቤቱ የደረሰው 300 ብር ነው። ይህንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው እጅ በ2,400 ብር የገዛ ነጋዴ በገንዘቡ ላይ ያገኘው 12 ብር ተኩል ከመቶ ብቻ ይሆናል። በአንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ሳንቲም እየቆጠረ የሚከራከር ሰው አክሲዮን ሲገዛ ይህችን ማካፈል መርሳቱ የሚያስገርም ነው።

የትርፍ ድርሻው በተከፈለው ዋጋ ተካፍሎ ከታወቀ በኋላ፣ ድርሻው ወደ ፊት በየዓመቱ በስንት ያድጋል ተብሎ ይጠየቃል። በ12 ተኩሉ ላይ 5 በመቶ ዕድገት የሚገመት ከሆነና ዕድገቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ ከአክሲዮኑ የሚጠበቀው ትርፍ 17 ተኩል በመቶ ያህል ነው። አስቸጋሪው ነገር ይህን ዕድገት መገመት ነው። ባንኮች የሚያስታውቁት አብዛኛውን ጊዜ የድርጅታቸውን ጠቅላላ ትርፍ ነው፤ ባለአክሲዮኑን የሚመለከተው ግን ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግና ነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉት ባዘዘ ጊዜ፣ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን መሸጥ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ የአንድ ባንክ ጠቅላላ ትርፍ በ20 በመቶ ቢያድግና የአክሲዮኑ ቁጥር ደግሞ በ30 በመቶ ቢጨምር፣ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ በ8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጋዜጣው ባንኩ አደገ ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ሐሰት አይደለም፤ የባለአክሲዮኑ ድርሻ ግን ሳስቷል።

የሚጠበቅ ትርፍ ሲባል በእርግጥ የሚገኝ ትርፍ ማለት እንዳልሆነ ነጋዴ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ ግምቱን በአንድ ቁጥር ከመናገር ይልቅ ሦስት ዓይነት ዓመት በወረቀት ላይ ማስፈር ይሻላል። ከዐሥር ዓመት ሦስቱ መልካም ሆነው 30 በመቶ ቢያስገኙ፣ አምስቱ መካከለኛ ሆነው 15 በመቶ ቢያስገኙ፣ ሁለቱ ደግሞ ክፉ ሆነው ከገንዘቡ 10 በመቶ ቢያጎድሉ፣ የሚጠበቀው ትርፍ 14 ተኩል በመቶ ነው። ክፉውን ዓመት ከወረቀቱ ሰርዞ መልካሙንና መካከለኛውን ዓመት እኩል ያደረገ ሰው 22 ተኩል በመቶ ያገኛል፤ ልዩነቱን የፈጠረው አክሲዮኑ ሳይሆን እርሳሱ ነው። ከዚህም በላይ የሸቀጥ ዋጋ በዚያው ዓመት በ15 በመቶ ቢወደድ፣ 14 ተኩል በመቶ ያተረፈው ሰው ገንዘቡ የሚገዛለት ዕቃ ከአምናው በጥቂቱ አንሷል።

ያለፈው ዘመን መዝገብ ለግምት ይረዳ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ይረዳል፤ ነገር ግን ሰዎች ከሚያስቡት እጅግ ያነሰ ነው። ትርፉ ከዓመት ወደ ዓመት ከአማካዩ በ20 ነጥብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች የሚል አክሲዮን፣ የ25 ዓመት መዝገብ ቢኖረው እንኳ ከዚያ የሚወጣው አማካይ ራሱ 4 ነጥብ ያህል የመሳሳት ልክ አለው። ይህም 20 ለ25 ሥር፣ ማለት ለ5፣ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። የዚያን እጥፍ መሳሳትም እንግዳ ነገር አይደለም፤ መዝገቡ 15 በመቶ ቢል እውነተኛው 7 ወይም 23 ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች በተወረሱ ጊዜ ስለ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ የተያያዘ የገበያ ዋጋ መዝገብ የለም። ስለሆነም ገዢው ከዋጋ ታሪክ ይልቅ በተመረመረው የሒሳብ መግለጫ ላይ ቢደገፍ ይሻለዋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ አንድ አክሲዮን ነው። ብዙ አክሲዮኖችን በአንድነት ስለ መምረጥ አሜሪካዊው ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ የነገሩን አካሄድ ለውጦታል። ሰው ትርፍን ብቻ የሚሻ ቢሆን ገንዘቡን ሁሉ ከሁሉ በሚያተርፈው በአንዱ አክሲዮን ላይ ባዋለ ነበር፤ ይህን የማያደርገው ግን ሥጋትንም ስለሚመዝን ነው። ሥጋቱም የሚለካው እያንዳንዱ አክሲዮን ለብቻው በሚዋዥቀው ልክ ሳይሆን፣ አክሲዮኖቹ አብረው በሚወድቁትና በሚነሡት ልክ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ጽሑፉን ባቀረበ ጊዜ ሚልተን ፍሪድማን «ይህ የኢኮኖሚክስ ትምህርት አይደለም» ብሎ ተከራክሮት ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 ማርኮዊትዝ የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተካፈለ።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንዱ ማኅበር ቡና ላኪ፣ ሌላው ማሽን አስመጪ ነው እንበል። የብር ምንዛሪ በሚወድቅበት ዓመት የላኪው አክሲዮን 40 በመቶ ያተርፋል፣ የአስመጪው 5 በመቶ ይከስራል፤ ምንዛሪው በሚረጋበት ዓመት ደግሞ የላኪው ምንም አያተርፍም፣ የአስመጪው 35 በመቶ ያተርፋል። ሁለቱ ዓይነት ዓመታት እኩል የሚጠበቁ ከሆነ፣ የላኪው አማካይ 20፣ የአስመጪው 15 በመቶ ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ለላኪው ይሰጣል። እኩል የከፈለ ሰው ግን ምንዛሪው ቢወድቅም ቢረጋም 17 ተኩል በመቶ ያገኛል። በእውነተኛው ገበያ ሁለት አክሲዮኖች እንዲህ ባለ ፍጹም ተቃራኒነት አይሄዱም፤ ቢሆንም አነስተኛ አማካይ ያለው አክሲዮን ለስብስቡ ሊጠቅም እንደሚችል ምሳሌው ያሳያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያስታወሰ ነጋዴ ምሳሌው ከሩቅ አገር እንዳልመጣ ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴው ዋነኛ የሆነው ነገር ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የነጋዴው የመጀመሪያውና ትልቁ አክሲዮን የራሱ ሱቅ ነው። በባንክ ብድር የሚሠራ አስመጪ በቁጠባው ሁሉ የአምስት ባንኮችን አክሲዮን ቢገዛ ገንዘቡን በአምስት ቦታ ያስቀመጠ ይመስለዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ በወሰነ ጊዜ መመሪያው አምስቱንም ባንኮች በአንድ ቀን ነካቸው፤ ብድር የሚጠብቀውን አስመጪም እንዲሁ። ሱቁ በሚቸገርበት ዓመት የአክሲዮኑም ድርሻ የሚያንስ ከሆነ፣ አክሲዮኑ ለዚህ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ ዋጋው ያነሰ ነው፤ ለቡና ላኪው ወይም ለደመወዝተኛው ግን ያው አክሲዮን መልካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የቱ አክሲዮን ይሻላል?» ለሚል ጥያቄ የጠያቂው ሥራ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም። አስመጪው በባንኮቹ ፈንታ ከፊሉን ገንዘብ በግምጃ ቤት ሰነድ፣ ከፊሉን ደግሞ ገቢው ከውጭ ምንዛሪ እጥረት ጋር ባልተያያዘ ማኅበር ላይ ቢያውል የሚጠበቀው ትርፍ ጥቂት ቢቀንስም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጎድልበትም።

በጥቂት ገንዘብ መከፋፈል አይቻልም የሚሉ ባለሱቆች አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር፤ ይህን ለመክፈል ትልቅ ሀብት አያሻም። የሚያሻው አክሲዮኑ በሚፈለግበት ቀን ላይሸጥ እንደሚችል ማወቅ ነው። ገበያው ገና አዲስ በመሆኑ ገዢ የሚጠፋበት ሳምንት ይኖራል፤ ቸኩሎ የሚሸጥ ሰውም ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ይህም ቅናሽ ከሚጠበቀው ትርፍ ላይ አስቀድሞ ሊቀነስ ይገባዋል፤ በተለይም ገንዘቡ ለጉምሩክ ቀረጥ ወይም ለአዲስ ዓመት ሸቀጥ መግዣ የሚፈለግ ከሆነ።