ስለ መመዘኛ ፋይሎች አያያዝ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ስሌት ምን አግብቷቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ የሁለት ሞለኪሎችን ጉልበት በኮምፒዩተር አስልቶ የትኛው ይበልጥ የተረጋጋ እንደ ሆነ በሠንጠረዥ አሰፈረ። ኮምፒዩተሩ ያወጣው ፋይል እጅግ ረጅም ስለ ነበር ቁጥሮቹን በዓይኑ አልፈለገም፤ የሚፈለገውን ቁጥር ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ከእኛ አንዱ በፓይተን ጽፎ ሰጠው። ሥራው ምስርን ከጠጠር እንደ መልቀም ነውና ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም «ለቃሚ» እንለዋለን። ጓደኛችን ጽሑፉን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው አንዱን ፋይል ገልጦ ቢያይ በሠንጠረዡ ያለው ቁጥርና በፋይሉ መጨረሻ ያለው ቁጥር አልገጠሙም።

ጋውስያን የተባለው የስሌት ፕሮግራም (የመጀመሪያው እትም በ1970 እ.ኤ.አ. በጆን ፖፕል ቡድን የወጣው) የሞለኪሉን ቅርጽ ደረጃ በደረጃ ሲያስተካክል በየደረጃው ያገኘውን ጉልበት «ኤስሲኤፍ ደን» በሚል መስመር ያትማል። የሚፈለገው የመጨረሻው መስመር ሲሆን የእኛ ለቃሚ የመጀመሪያውን ይዞ ይወጣ ነበር። ልዩነቱ ለዓይን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የ0.01 ሃርትሪ ልዩነት ወደ 6.3 ኪሎካሎሪ በሞል ስለሚደርስ የሁለቱን ሞለኪሎች ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ከበቂ በላይ ነው። የጓደኛችንም ሠንጠረዥ ተገልብጦ ነበር። ፕሮግራሙ ቢሰናከል ኖሮ በተሻለ ነበር፤ እርሱ ግን ምንም ሳይል እውነት የሚመስል ቁጥር ሰጠ።

ለቃሚውን ሳንፈትነው ቀርተን አይደለም። የፈተንንበት ፋይል ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቅርጹ ሳይለወጥ አንድ ጊዜ የተሰላ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው የጉልበት መስመር አንድ ነው። አንድ መስመር ብቻ ባለበት ፋይል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምን ይለያያሉ?

ከዚህ በኋላ ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉ ለማየት ሲሲሊብ የተባለውን፣ በነጻ የሚገኝና በ2008 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የተገለጸ የፓይተን ለቃሚ መረመርን። የመፈተኛ ፋይሎቹ በመጀመሪያ በስሌት ፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎም በእትሙ ቁጥር በየአቃፊው ተለይተዋል። በየአቃፊውም በአብዛኛው ያው አንድ ሞለኪል፣ ዳይቪናይልቤንዚን፣ በልዩ ልዩ የስሌት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ ፋይል ቅርጹ ሳይነካ የተሰላ፣ አንዱ ቅርጹ የተስተካከለ፣ አንዱ ንዝረቱ የተሰላ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

በአንድ ሞለኪል መወሰኑ በመጀመሪያ ድህነት መሰለን፤ ኋላ ግን ብልሃቱ ታየን። ይህ ሞለኪል 10 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። እንግዲህ አቶሞቹ 20፣ ኤሌክትሮኖቹ 70፣ የተሞሉት ኦርቢታሎች 35 መሆናቸውን ማንም በወረቀት ሊቈጥር ይችላል። ንዝረቶቹም 3 ጊዜ 20 ሲቀነስ 6፣ ማለት 54 ናቸው። ኤስቲኦ-3ጂ በተባለው መነሻ ሲሰላ ለካርቦን 5፣ ለሃይድሮጅን 1 ፋንክሽን ስለሚደርስ ድምሩ 60 ነው። ለቃሚው 53 ንዝረት ቢያመጣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ክርክር የለም፤ መልሱን ከኮምፒዩተር አልተበደርነውምና።

ጉልበቱን ግን በጣት መቍጠር አይቻልም። በዚህ ላይ ቢ3ኤልዋይፒ የሚባለው የስሌት ዘዴ በስም አንድ ሲሆን ጋውስያን የሚጠቀምበት ቀመርና ኦርካ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀምበት ቀመር በአንድ ክፍላቸው ይለያያሉ፤ ስለዚህ ለአንዱ ሞለኪል እኩል ጉልበት አይሰጡም። ስለ ሆነም ሁለት መስፈሪያ ያስፈልጋል። ፕሮግራምን ከፕሮግራም ስናስተያይ ልል፣ ለቃሚውን ከራሱ ከፋይሉ ጋር ስናስተያይ ግን በታተመው አኃዝ ልክ ጥብቅ ይሁን። ይህንም ቁጥር ከእኛ ሁለቱ በዓይናቸው አንብበው ይጻፉት እንጂ ለቃሚው ራሱ አውጥቶ አይስጠን። ፈተናው ሲወድቅ መመዘኛውን ቁጥር በአዲሱ ውጤት መተካት ቀላል ነው፤ እኛም አንድ ጊዜ ሞክረነዋል፤ ተከሳሹን ምስክር ማድረግ ነው።

ሁለተኛ ስብስብ ደግሞ አለ፤ ሰዎች ለቃሚው ያልተሳካላቸው ጊዜ የላኳቸው አስቸጋሪ ፋይሎች ናቸው። ሲሲሊብ እነዚህን ለብቻቸው በሌላ ማከማቻ ይይዛቸዋል። በፎርትራን የተጻፈ ፕሮግራም ቁጥሩ ከተመደበለት ስፍራ ሲያልፍ በቁጥሩ ፈንታ ኮከቦች ያትማል፤ ሁለት ቁጥሮችም ያለ ክፍተት ተጣብቀው የሚወጡበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ፋይል ማንም አስቦ አይፈጥረውም፤ ሲገኝ ማስቀመጥ ነው። የድሮ እትሞችንም አሮጌ ናቸው ብሎ መጣል አይገባም፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ በእነርሱ ላይ ቆሞ ይሆናል።

እኛ የአርትስ ተማሪዎች የረዳነው በዚህ በኩል ነው። የብራና መጻሕፍትን መዝገብ የሚያውቅ ሰው ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ቅጅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ አጭር ጽሑፍ አያይዘናል፤ ማን ሰጠው፣ መቼ፣ በየትኛው እትም ተሰላ፣ የትኛውን ስሕተት ለመያዝ ተቀመጠ የሚል ነው። በፋይሉ ውስጥ የባለቤቱ የአቃፊ ስምና ገና ያልታተመ ሞለኪል ሊኖር ስለሚችል ፈቃድ ሳንጠይቅ አንወስድም። የፋይሉን መስመሮች ግን አናስተካክልም፤ ጊትም የመስመር መጨረሻዎችን በራሱ እንዳይለውጥ ከልክለነዋል።

ጓደኛችን ሠንጠረዡን በዚያው ሌሊት አርሞ በማግሥቱ አስረከበ። ያ ፋይል አሁን በአቃፊያችን የመጀመሪያው ነው፤ በተያያዘውም ጽሑፍ ላይ «የመጨረሻውን መስመር እንጂ የመጀመሪያውን አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል።