ኪስ የሌለው ልብስ

ገበያ ስንወርድ ገንዘባችንን የት እንይዛለን? ሴቶች በመቀነት፣ ወንዶች በጋቢ ጫፍ ይቋጥራሉ። ቋጠሮው ከላላ ግን የበሬው ዋጋ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም።

ከእንግሊዝ በስተሰሜን ስኮትላንድ የምትባል ብርዳም፣ ተራራማ አገር አለች። የዚያ አገር ወንዶች ኪልት የሚባል፣ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ሽርጥ አላቸው። ኋላው ሽንሽን ስለሆነ እስከ 7 ሜትር ጨርቅ ይፈጃል። ያን ያህል ጨርቅ ፈጅቶ ኪስ ግን የለውም! ስለዚህ ስፖራን የሚባል የቆዳ ከረጢት ከፊት ያንጠለጥላሉ። ስፖራን ለሠርግ ያምራል፤ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው ግን እየተወዛወዘ ያስቸግራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኪልትን ለዘወትር ከሚለብሱ ሰዎች አንዳንዶቹ በጎንና በጎኑ ኪስ ያሰፉበታል። ኪሱ ሽንሽኑ ላይ ብቻ ከተሰፋ፣ ሴንጢና የቤት ቁልፍ ሲገባበት ሽንሽኑን ይጎትታል፤ ልብሱም ይጣመማል። ስለዚህ የኪሱን ጨርቅ ከወገቡ መታጠቂያ ጋር አያይዘው ይሰፉታል። ሸክሙን ወገብ ቻለው ማለት ነው። የኪሱ አፍ ጥግና ጥጉም በክር ይደጋገማል፤ ቀድሞ የሚተረተረው እሱ ነውና።

እናንተም ሱሪ ወይም ቀሚስ ስታሰፉ፣ «ኪሱን ምን ላይ ነው የምትይዘው?» ብላችሁ ሰፊውን ጠይቁ። ገንዘቡ የእናንተ ነው።