መሪ የያዘ ሰው ስልክ ሲደወልለት

በዛሬው ትምህርታችን አንድ የዕብራይስጥ ቃል እንማራለን። ቃሉ «ሄሴሕ ዳዓት» ይባላል፤ ልብ ከያዘው ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላ መሄድ ማለት ነው። እኔ ይህን ቃል የተማርኩት በክፍል ሳይሆን በመንገድ ላይ ነውና ታሪኩን ልንገራችሁ።

በአገር ቤት ሾፌር ነበርኩ፤ ከጎንደር ባሕር ዳር አይሱዙ ነድቻለሁ። እዚህም ቴኦሪያውንና ቴስቱን አልፌ ሪሻዮን ስይዝ «ከእንግዲህ ማን ያስተምረኛል!» ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የአጎቴን ልጅ መኪና ተውሼ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ባየው ከጎንደር ነው፤ ታላቅ እህቴ ናት። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ታላቅ ሲጠራ «አቤት» አለማለት ነውር ነው። ደግሞ ከአገር ቤት ሲደወል «መርዶ ይሆን እንዴ?» እያልን እንደነግጣለን። አነሣሁት። «እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» እያልኩ ቀና ስል፣ አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን አዝላ ማአቫር ሐጻያው መካከል ላይ ናት። ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናው ልጅቷ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

አጠገቧ የነበሩ ሩሲያኛ ተናጋሪ አሮጊት ልጅቷን እቅፍ አደረጓት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ሎ! ሎ!» አሉኝ። የሁለታችንም ዕብራይስጥ ትንሽ ነበር፤ ግን በደንብ ተግባባን። እህቴ የደወለችው ለሰላምታ ብቻ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ለ3 ሴኮንድ ስልክ ካየን ከ40 ሜትር በላይ ዓይናችንን ጨፍነን ነዳን ማለት ነው። በ90 ከሆነ ደግሞ በ4 ሴኮንድ 100 ሜትር እንሄዳለን።

ሕጉም ግልጽ ነው። መኪናው እየሄደ ስልክ በእጅ መያዝ፣ መልእክት መጻፍም ሆነ ማንበብ ክልክል ነው። የያዘን ፖሊስ ገንዘብም ነጥብም ይቀጣናል። በዲቡሪት መነጋገር ይፈቀዳል፤ ይሁን እንጂ ዲቡሪት እጅን እንጂ ልብን ነፃ አያወጣም።

ይህን በክፍል ስንወያይ እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት አመጣ። አንዱ «አለቃዬ ሲደውል ካላነሣሁ የነገ ሥራ የለኝም» አለ። ሌላዋ «ልጄ ጋን ውስጥ ናት፤ ከጋን ቢሆንስ?» አለች። የእኛ ደግሞ አክብሮት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ ሲያናግረን እንኳ ፊት አለመስጠት ንቀት ስለሚመስለን ዞር ብለን እንመልሳለን። ምክንያቱ ይለያያል፤ መንገዱ ግን የሁላችንም አንድ ነው።

ስለዚህ ልማዳችንን ሳንጥል እንዲህ እናድርግ፦

1. ከመነሣታችን በፊት ስልኩን ድምፁን አጥፍተን አብሮን ለሚሄድ ሰው እንስጥ፤ እሱ «አቤት» ይበልልን።

2. የግድ መነጋገር ካለብን ነዳጅ ማደያ ወይም መኪና ማቆሚያ ገብተን እንቁም። የአውራ ጎዳና ዳር ለስልክ መቆሚያ አይደለም።

3. ደዋዩ አስቀድሞ «እየነዳህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አባቶችና እናቶች «በል፣ ስትደርስ ደውል» ካሉን ነውሩ ይቀራል።

4. እግረኞችም ስንሻገር ስልኩን እናቆየው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን መንገድ እንዳይሻገር እጁን እንያዝ።

እኔ ለእህቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። አሁን ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ቆመሃል?» የሚል ነው።

የዛሬ ቃላት፦
ሄሴሕ ዳዓት — የሐሳብ መበታተን።
ማአቫር ሐጻያ — የእግረኛ ማቋረጫ።
ዲቡሪት — ስልክ በእጅ ሳይያዙ መነጋገሪያ።
አኒ ኖሄግ (ለሴት፦ አኒ ኖሄጌት)፣ ኤትካሼር አሐር ካህ — እየነዳሁ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ።

ለውይይት፦ እናንተ ስትነዱ ስልኩን ሳታነሡ ማለፍ የሚከብዳችሁ ማን ሲደውል ነው? ለዚያ ሰው ዛሬ ማታ ምን ትሉታላችሁ?