ለአዲስ የሥነ ልቡና ሐኪም ምን ያህል ልብን መክፈት ይገባል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን እግሩ የቈሰለ ሰው ቍስሉን ለሐኪም ለማሳየት ሱሪውን መሰብሰብ ብቻ ይበቃዋል፤ ልቡ የታመመ ሰው ግን የሚያሳየው ቍስል የለውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ያንንም ቃል ስሙን እንጂ ጠባዩን ለማያውቀው ሰው እንዲሰጥ ይጠየቃል። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ወይም ሕይወቱን ጠልቶ በመጀመሪያው ቀን በሥነ ልቡና ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ምን ያህሉን ይናገር? ምን ያህሉንስ ያቈይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በተራ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ንግግር እንዴት መድኃኒት ሆነ?

በንግግር የማከም ዘዴ መነሻው የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ናት። ዶክተር ዮሴፍ ብሮየር ከ1880 እስከ 1882 አንዲት ወጣት ሴት ሲያክም፣ ያስጨነቃትን ነገር በዝርዝር በተናገረች ጊዜ ሕመሟ ቀለል እንደሚልላት ተመለከተ። «የንግግር ሕክምና» የሚለውን ስም ያወጣችው ራሷ ታካሚዋ ናት። ብሮየርና ሲግሙንድ ፍሮይድ ታሪኳን በ1895 በመጽሐፍ አሳተሙት። ይሁን እንጂ ልጅቱ ተናግራ ብቻ አልዳነችም፤ ከዚያም በኋላ በሕክምና ቤት ተኝታ ታክማለች።

ፍሮይድ ቈይቶ ለታካሚዎቹ አንድ መሠረታዊ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም ወደ ሐሳብ የመጣውን ሁሉ፣ አሳፋሪም ቢሆን ከንቱም ቢመስል፣ ሳይመርጡ መናገር ነው። ይህን የሰማ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሆዱን ገልብጦ ማሳየት ግዴታ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሕጉ የወጣው ሐኪሙና ታካሚው በሳምንት ብዙ ቀን እየተገናኙ ለረጅም ጊዜ ለሚቈዩበት ሕክምና ነው፤ ለአንድ ቀን ጨዋታ አይደለም።

ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በ1957 ባወጣው ጽሑፍ የሸክሙን ትልቅ ክፍል ወደ ሐኪሙ መለሰው። ታካሚው ይለወጥ ዘንድ ሐኪሙ ራሱ ሳያስመስል መቅረብ፣ ታካሚውን ሳይፈርድ መቀበልና ነገሩን በታካሚው ዓይን ማየት ይገባዋል አለ። ኤድዋርድ ቦርዲን ደግሞ በ1979 የሁለቱን ትብብር በሦስት ከፍሎ አስረዳ፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በመካከላቸውም መተማመን መኖር። ከዚህ የምንረዳው ግልጽነት በር ላይ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ ሳይሆን ከመተማመን ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑን ነው።

ለምን እንደብቃለን?

መደበቅ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ማት ብላንቻርድና ባሪ ፋርበር በ2016 ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው 547 ታካሚዎች ውስጥ ከመቶ 93ቱ ለሐኪማቸው ዐውቀው ዋሽተው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ከውሸቶቹ ሁሉ የበዛው ጭንቀትን ከእውነተኛው አሳንሶ መናገር ነበር፤ ይህን ያደረጉት ከመቶ 54 ናቸው። ሰዎቹ ገንዘብ ከፍለውና ጊዜ ሰጥተው ከሄዱ በኋላ «ደኅና ነኝ» ብለው ተመለሱ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ትኵሳት ያንቀጠቀጠው ሰው እንኳ «እንደምን አደርህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። የቤትን ገመና ለባዕድ ማውጣት ነውር ነው ተብለን አድገናል። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም እንኳ ለብዙ ዘመን የሰው መሳለቂያ ሆኖ ቈይቷል። ከዚህም ሌላ ምስጢር ለመናገር የለመድነው የንስሐ አባት ዘንድ ነው። የንስሐ አባት ኀጢአትን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ የሥነ ልቡና ሐኪም ግን አይፈታም፣ አያስርምም፣ ቀኖናም አይሰጥም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ በሐኪሙም ፊት «ሁሉን ዛሬ ካልተናዘዝሁ» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ወቅት ለሦስት ቀጠሮ ያህል ስለ ራስ ምታትና ስለ ፈተና ብቻ ተናግሯል። ሌሊት ሌሊት ሞትን ይመኝ እንደ ነበር ግን አልተናገረም። ሐኪሙም የጥናት ሰዓቱን እንዲያሻሽል መከረው። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን በሽታ አከመ። በአራተኛው ቀን «ያልነገርሁህ ነገር አለ፤ መናገር ግን አልቻልሁም» አለው። ሐኪሙ ምስጢሩን አልጠየቀም፤ «ብትነግረኝ ምን ይመጣብኛል ብለህ ትፈራለህ?» አለ እንጂ። ስለ ፍርሃቱ ካወሩ በኋላ ነገሩ ራሱ መውጫ አገኘ።

ምስጢር ወሰን አለውን?

አለው። በ1969 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ አንዲት ወጣት ሊገድል እንዳሰበ በዩኒቨርሲቲው ለሚያክመው የሥነ ልቡና ባለሙያ ነገረው። ባለሙያው ለግቢው ፖሊሶች አስታወቀ፤ ፖሊሶቹ ግን ይዘው ከጠየቁት በኋላ ለቀቁት። ለልጅቱ፣ ለታትያና ታራሶፍ፣ የነገራት አልነበረም፤ በጥቅምት ወር ተገደለች። ወላጆቿ ከሰሱ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 ሐኪም አደጋ የተቃጣበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ፈረደ። በሌላ በኩል የአሜሪካ የበላይ ፍርድ ቤት በ1996 ታካሚ በሕክምና ለሥነ ልቡና ሐኪሙ የሚናገረው ቃል በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በግድ እንዳይወጣ ጥበቃ ሰጠው። ሁለቱ ፍርዶች የዚያ አገር ሕግ ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን ለሁሉም ነው፤ ምስጢር ይከበራል፣ የሰው ነፍስ ግን ይቀድማል።

ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን፣ ከመናገሩ በፊት፣ ሊጠይቅ ይገባዋል። የምናገረው የት ይጻፋል? መዝገቡን ማን ያያል? ለትምህርት ክፍሌ ወይም ለወላጆቼ የሚደርስ ነገር አለ? ምስጢሬን ለሌላ የምትገልጠው በምን ጊዜ ነው? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ሳይቈጣ ይመልሳል፤ የመለሰበትም አኳኋን ራሱ ማንነቱን ያሳያል።

መጠኑስ?

አንደኛ፣ አደጋ ያለበት ነገር አይቈይ። ራስን የመግደል ሐሳብ፣ ሌላውን የመጕዳት ሐሳብ፣ አሁን የሚደርስ ድብደባ ወይም መደፈር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የመጠጥና የጫት ልማድ፤ እነዚህ በመጀመሪያው ቀን ቢነገሩ ይሻላል። ሐኪሙ የሚመርጠው መንገድ በእነርሱ ላይ ይመሠረታል።

ሁለተኛ፣ የመጣንበትን ጕዳይ በአጭሩና ሳናሳንስ እንናገር። «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ከማለት «ከሦስት ሳምንት ወዲህ ክፍል ገብቼ አላውቅም» ማለት ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የቈየ ቍስልና ኀፍረት ጊዜውን ይጠብቅ። ሁሉን በአንድ ቀን አፍስሶ፣ ማታ ተጸጽቶ ሁለተኛ የማይመለስ ሰው አለ። ከባዱን ነገር ደግሞ ለመውጣት በሩን ከያዙ በኋላ መጀመር አይገባም፤ ለመስማትም ለመጽናናትም ጊዜ አይተርፍምና። የሚነገር ከሆነ በቀጠሮው መጀመሪያ ይነገር።

አራተኛ፣ ዝምታ ይፈቀዳል፤ ውሸት ግን ሕክምናውን ያበላሻል። «ይህን ለመናገር ገና አልደረስሁም» ማለት እውነት ነው፤ «እንዲህ ያለ ነገር የለብኝም» ማለት ግን ሐኪሙን ወደ ሌላ መንገድ ይመራዋል። ምክሩ ያልተስማማንም እንደ ሆነ ራስ ነቅንቆ ከመውጣት ያንኑ መናገር ይሻላል።

አምስተኛ፣ መመዘን የሐኪሙ ብቻ ሥራ አይደለም። የሚስቅብንን፣ የሚፈርድብንን፣ ወይም የሌላውን ታካሚ ወሬ የሚያወራልንን ሐኪም ትቶ ሌላ መፈለግ መብታችን ነው። የአንዱ ሰው ጥፋት ግን ሕክምናን በሙሉ አያስጠላን።

ውድ ጓደኞች፤ በዶርም ከእኛ ጋር የሚያድር፣ በቀልዱ የሚያስቀን፣ በሌሊት ግን የማይተኛ ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ሂድና ታከም ስንለው ይህን ጨምረን ብንነግረው መልካም ነው፤ ሁሉን ይዘህ መቅረብ የለብህም፤ አንዲት እውነተኛ ቃል ይዘህ ሂድ፤ የቀረውን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ።