የወሊድ መከላከያ ክኒን እየወሰድሽ የብልት ማሳከክ ሲመላለስብሽ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ ስለ ራስ ምታት ቡና ላይ ይወራል፤ ስለ ብልት ማሳከክ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም ዝም ብዬ ሁለት ወር ተሰቃይቻለሁ።

መጀመሪያ ከብልትሽ የሚወጣውን ፈሳሽ እዪው። ነጭና እንደ አይብ የተቆራረሰ ከሆነ፣ ካሳከከሽ፣ ሽንት ሲነካው ካቃጠለሽ፣ መጥፎ ሽታም ከሌለው ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። ዓሣ ዓሣ የሚሸት ወይም አረፋ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

አሁን እኔን የጣለኝ ነገር ጋ ደረስን። ኅዳር ላይ፣ ቡና ለቀማው በደመቀበት ሰሞን፣ መጋዘን ውስጥ ሰፌድ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ወንድ ነው፤ አፈርኩና «ኢንፌክሽን ነው» ብዬ ዝም አልኩ። አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፣ ዋጥኩ። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ሌላ መድኃኒት ቤት ሄጄ ሌላ አንቲባዮቲክ ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

ምክንያቱን የነገረችኝ በኋላ ያገኘኋት ነርስ ናት። አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይነካም፤ ፈንገሱን በልኩ የሚይዙትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ይገድላል። በገንዘቤ ጠላቴን ስቀልብ ከርሜያለሁ። እባክሽ እህቴ፣ በግምት አትግዢ! ጤና ጣቢያ ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «ያሳክከኛል፤ ፈሳሹ እንደ አይብ ነው፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ፤ ናሙና ይታይልኝ።» ማይክሮስኮፕ ካለ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው። ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ፤ እኔ ዛሬም የማደርገው እሱን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ይዋጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን እንዳትነኪው። ወይም ክሎትሪማዞል ማታ ስትተኚ ወደ ብልት ውስጥ ይገባል፦ 500 ሚሊግራሙ ለአንድ ሌሊት፣ 100 ሚሊግራሙ ለስድስት። ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ቢተውሽም ስድስቱን ጨርሺ። ክሎትሪማዞል ኮንዶም ሊያሳሳ ስለሚችል በእነዚያ ቀናት በኮንዶም አትተማመኚ።

የወሊድ መከላከያ ክኒኑን ግን እሽጉ መሀል ላይ እንዳታቋርጪው። ፍሉኮናዞል የክኒኑን ኃይል አይቀንስም። እውነት ነው፣ ክኒኑ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን በአንዳንዷ ሴት ላይ ለፈንገሱ ሁኔታውን ያመቻችለታል፤ ታዲያ ከተመላለሰብሽ ነርስ አማክሪና ዘዴውን ቀይሪ። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዴፖም፣ ክንድ ውስጥ ሦስት ዓመት የሚቆየው ኢምፕላኖንም ኤስትሮጅን የላቸውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ነው።

በሳሙናም በሎሚም ውስጥሽን አትጠቢ። የጅማ ክረምት ልብስ አያደርቅም፤ እርጥብ የውስጥ ሱሪ ከመልበስ ካውያ አሳርፊበት። ጥጥ ይሁን።

በዓመት አራት ጊዜ ከተመለሰብሽ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ጠይቂ። ባልሽ ራሱ ካላሳከከው መድኃኒት አያስፈልገውም።