እግዚአብሔርን ማወቅ በምን ይታወቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔርን ማወቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን መልሱን ከትምህርተ ሃይማኖት እንጀምራለን፤ መልካምም እናደርጋለን። በአንድነትና በሦስትነት ማመን፣ የጌታችንን ሥጋዌ መመስከር የማወቅ መሠረት ነው። መሠረት ግን ግድግዳና ጣሪያ ይፈልጋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የእግዚአብሔርን አንድነት አጋንንትም እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ ጽፏል (ያዕ. 2፥19)። እንግዲህ የእኛ ማወቅ ከእነርሱ ማወቅ በምን ይለያል? ሐዋርያው ዮሐንስ የማወቃችን መለያ ትእዛዙን መጠበቃችን እንደ ሆነ ያስተምረናል (1ዮሐ. 2፥3-4)።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ጆሮው ደንቁሯል ማለታችን አይደለም፤ ሰምቶ አያደርግም ማለታችን ነው። በእኛ አነጋገር መስማት ማለት መታዘዝ ነው።

አባትና ልጅ

ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑን ሁለት የይሁዳ ነገሥታት፣ ኢዮስያስና ልጁ ኢዮአቄም ናቸው። ኢዮአቄም ሰፊ ቤት ሠራ፤ መስኮት አወጣለት፤ በዝግባ አስጌጠው፤ በቀይ ቀለም አስቀባው። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ቤቱ የቆመው በግፍ፣ ለሠራተኛውም ዋጋው ሳይከፈል መሆኑን ገልጦ ወቀሰው። ከዚያም አባቱን አስታወሰው። ኢዮስያስም እንደ ማንኛውም ንጉሥ ይበላና ይጠጣ ነበር፤ ሆኖም ለድሃውና ለችግረኛው በቅን ይፈርድ ነበር። እግዚአብሔርም በነቢዩ አፍ ይህንኑ ቅን ፍርድ እርሱን ማወቅ ብሎ ጠራው (ኤር. 22፥13-16)።

ኢዮስያስም ግንበኛ አሠርቷል። በነገሠ በ18ኛው ዓመት የእግዚአብሔርን ቤት ሲያሳድስ፣ ከሕዝቡ የተሰበሰበው ገንዘብ ለአናጢዎች፣ ለሠራተኞችና ለግንበኞች እንዲደርስ አዘዘ፤ ተቀባዮቹም ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም (2ነገ. 22፥3-7)። ይህን ቃል ከቁጥጥር ለማምለጥ ልንጠቅሰው አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ የምእመናንን ስጦታ ሲያደርስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖርበት ተጠንቅቋል (2ቆሮ. 8፥20-21)። ደረሰኝና መዝገብ የታማኝ ሰው ጠባቂዎች ናቸው።

በዚያው እድሳት ጊዜ የሕጉ መጽሐፍ ተገኘ። ኢዮስያስ ቃሉ ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ (2ነገ. 22፥11)። ልጁ ኢዮአቄም ደግሞ በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ የኤርምያስን ቃል ሲሰማ፣ የተነበበውን ክርታስ በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው (ኤር. 36፥22-24)። አባት ልብሱን ቀደደ፤ ልጅ መጽሐፉን ቀደደ። ሁለቱም ቃሉን በጆሮአቸው ሰምተዋል፤ የታዘዘው ግን አንዱ ነው።

ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ

በሌላው የኢዮስያስ ልጅ በሴዴቅያስ ዘመን ኤርምያስ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ተጣለ። ንጉሡ ነቢዩን በስውር እያስጠራ ቃል ይጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን አለቆቹን ፈራ። የቤተ መንግሥት አገልጋይ የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ግን በአደባባይ ለነቢዩ ተናገረ። ሰዎችንም ይዞ ሄደ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው ከገመዱ በታች የሚያደርገው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት (ኤር. 38፥7-13)። እግዚአብሔርም ይህን ሰው በእርሱ የታመነ ብሎ ቆጥሮ እንደሚያድነው ተስፋ ሰጠው (ኤር. 39፥15-18)። እምነቱ እስከዚያች እራፊ ጨርቅ ድረስ የሚያስብ እምነት ነበር።

ወደ ራሳችን

እኛ በልማት አገልግሎት የተሰማራን፣ ሪፖርት ስንጽፍ የተቆፈረውን የውኃ ጉድጓድና የታደለውን ችግኝ እንቆጥራለን። ቆጠራው ተገቢ ነው። ነገር ግን አቅም ያጣች መበለት ከዚያ ውኃ ትቀዳ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ሰነዱን የዘጋንባቸው ጊዜያት እንዳሉ አንሸሽግም።

በየአጥቢያውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይና አሸዋ የተሸከመው የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ «ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ በረከት ታገኝበታለህ» ተብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝበት ጊዜ አለ። ወድዶ ጉልበቱን ለሰጠ ምእመን በረከት በእውነት አለ። በደመወዝ ለተዋዋለ ሰው ግን ይህ ንግግር የአሠሪ ዕዳ መሸፈኛ ነው። ሕጉ የድሃውን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለችና (ዘዳ. 24፥14-15)። የልጆቹ እራት ያለው በዚያ ደመወዝ ነው።

ገንዘብ ያጠራቸው የሰበካ ጉባኤ አባላት ምን ያድርጉ ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መታዘዝም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ለደመወዝ የሚሆነው ገንዘብ አስቀድሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ ካለቀም ሥራው ይቁምና ለምእመናን በግልጽ ይነገር። የጉልላቱ ጌጥ ይዘግይ፤ የሠራተኛው ዋጋ አይዘግይ። ጣሪያው ሳይከደን አንድ ክረምት ቢያልፍ ሰው ይወቅሰን ይሆናል፤ የተቀማ ደመወዝ ግን ወደ ጌታ ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)።

ለጉባኤ ውይይት

1. በአጥቢያችን ሥራውን ፈጽሞ ዋጋውን ያልተቀበለ ሰው አለን? በስንት ቀን ውስጥ እንከፍለዋለን?

2. የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ሲቆጠርና ወጪው ሲነገር ምእመናን ይሰማሉ?

3. ባለፉት ሦስት ወራት ጉባኤያችን ስለ ድሆች ጉዳይ መክሮ የወሰነው ምንድር ነው? ከተወሰነውስ የተፈጸመው የትኛው ነው?

ሦስቱን ጥያቄዎች ከጸሎት በኋላ አንብበን መልሳችንን በቃለ ጉባኤ እንያዝ። ኢዮስያስ ቃሉን በሰማ ጊዜ ያዘነው ሊታዘዝ ነውና፣ እኛም ወቀሳ ቢያገኘን ለእርምት እንጂ ለቁጣ አይሁንብን። እርሱን አውቀን ፈቃዱን እንድንፈጽም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።