ደፋር ልጅን ይዞ ተራራ መውጣት

ደፋር ልጅ ያለው ወላጅ ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው ልጁ ወድቆ እንዳይጎዳበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘወትር «ተው፣ ተቀመጥ» እያለ ልጁን ፈሪ እንዳያደርገው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ከሁለቱም የሚያድን መንገድ መኖሩን ነው፤ ይኸውም ከልጁ ጋር አብሮ መውጣት ነው። ለዚህም ምሳሌ የማደርገው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከአጅባር ወደ ደንቆሮ ጫካ ያደረግነውን ጉዞ ነው።

ያን ጊዜ እኔ የ11፣ ታናሽ ወንድሜ የ6 ዓመት ልጆች ነበርን። ወንድሜ ያየውን ሁሉ ካልነካ፣ ከፍ ያለውንም ሁሉ ካልወጣ ዕረፍት የሌለው ልጅ ነው። በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ጣራ ላይ አውርደነው ነበርና እናታችን፣ «ደግሞ ገደል ሊያሳዩት ነው?» ብለው ተቆጡ። አባታችንም፣ «ብቻውን ሄዶ ከሚያገኘው ከእኔ ጋር ቢያየው ይሻላል» ሲሉ መለሱ።

የመጀመሪያው ትምህርት ገና ከቤት ሳንወጣ ተጀመረ። ወንድሜ ጋቢውን አልለብስም ብሎ አስቸገረ። ነገር ግን 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። የሕፃን ገላ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ለአየር የተጋለጠው ቆዳው ብዙ ስለ ሆነ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይበርደዋል። ስለዚህ ለደጋ ጉዞ የልጅ ልብስ ከወላጁ ልብስ አንድ መደረብ አለበት። ደጋ ላይ ብርዱ ቢያታልልም የፀሐይዋ ጨረር ይበረታልና ባርኔጣም አይረሳ።

ሁለተኛው ጠብ በቡችላው ምክንያት ተነሣ። ወንድሜ ቡችላችንን ካልወሰድሁ ብሎ አለቀሰ፤ አባታችን ግን ከለከሉ። ደንቆሮ ጫካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ሊጋባበት ይችላል። በባሌ ተራሮችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ይህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ወንድሜ ይህ በተነገረው ጊዜ ዕንባውን ጠርጎ፣ «እንግዲያስ እርሱ ቤት ይጠብቅ» አለ። ልጅ ምክንያቱ ከተነገረው ክልከላን ይቀበላል።

ከመኪና ወርደን ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በእግር ስንጓዝ አባታችን አንድ ውል አስገቡት፤ «ገደል ባየህ ጊዜ መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ከዚያ የፈለግኸውን ጠይቅ» አሉት። በመንገዳችን ጅብራ አገኘን። ጅብራ በሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ከውርጭ ይሸፍናል፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ካበበ በኋላ ይሞታል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ «ጋቢ አለው ማለት ነው!» ብሎ የራሱን ጋቢ ጠበቅ አደረገ።

ወዲያው ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ታዩ። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በእጁ እየቆፈረ ሥሩን ይበላል፤ ሌሊት ከአውሬ ለመዳን በገደል ላይ ያድራል። ይህን ሁሉ ከመማራችን በፊት ግን ወንድሜ እጁን ከአባታችን እጅ አስለቅቆ ወደ እነርሱ ሮጠ።

እኔ ልጮኽ አፌን ስከፍት አባታችን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ዝም እንድል በዓይናቸው ነገሩኝ። ከዚያም ረጋ ብለው፣ «ውላችን ምን ነበር?» አሉ። ልጁ ቆመ፤ ወዲያውም ባለበት ቁጭ አለ። አባታችን ሄደው በወገቡ ሲይዙት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጩኸት ልጅን ሊያስደነግጠው፣ የደነገጠም ልጅ እግሩን ሊስት እንደሚችል በኋላ አስረዱኝ። ቀጥለውም፣ «ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ውል ብቻውን አይበቃም፤ እጁን አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከአፋፉ ርቀን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጭላዳዎቹን እስኪበቃን ተመለከትን።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው። ልብሱን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ክልከላን ከነምክንያቱ መንገር፣ ጥቂት ግን የማይፈርስ ውል ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ በአደገኛ ስፍራ እጅን አለመልቀቅ ያስፈልጋል። ወላጅ ስሕተቱን በልጆቹ ፊት ማመኑም ራሱ ትምህርት ነው።

ወንድሜ ዛሬ 13 ዓመቱ ነው። ከፍታ መውደዱን አልተወም፤ ነገር ግን ከአፋፍ ሲደርስ ማንም ሳያዘው መጀመሪያ ቁጭ ይላል።